የባሻ ቢተው ቋጠሮ

ባለፈው ሰሞን ጎረቤታችን ጋቢ በእንዶድ አጥባ አጥር ላይ አሰጣች። እኔ ወደ ሱቅ እየሄድሁ ነበር። ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ እንደ ገባ ግራ ትከሻዬ ወደ አጥሩ ዞረ፤ ቀኙ ወደ ሱቅ ቀጠለ። ሰው ሁሉ ሁለት ትከሻውን ይዞ አንድ መንገድ ይሄዳል፤ የእኔ ግራ ግን እንዶድ በሸተተው ቁጥር ከዚያ በኩል አንድ ሰው የሚጎትተው ይመስለዋል። ይህን ሳወራ ቤተሰቤ አያምነኝም። እውነታቸውን ነው፤ ከማወራው ግማሹን እኔም አላምነውም። የሚከተለው ግን ከማምነው ግማሽ ነው።

ጃንሆይ ዙፋናቸው ላይ ነበሩ፤ እኔ ደግሞ በታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ ትምህርት ቤት፣ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነበርሁ። የምነግራችሁ ከመስቀል እስከ ኅዳር ሚካኤል የሆነውን ብቻ ነው። ሌላው ዕድሜዬ ብዙም አያስቅም።

የዚያ ዘመን ተማሪ ልጅ ነው ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። እኛ ክፍል ጢሙን ተላጭቶ የሚመጣ ነበረ። አንዱማ ልጁን አንደኛ ክፍል አስገብቶ እሱ አምስተኛ ክፍል ይማር ነበር፤ እዚህ ላይ ትንሽ ጨምሬ ይሆናል። ሁላችንም ግን ዱላ ነበረን። ደብተሩን የረሳ ይገረፋል፣ ዱላውን የረሳ ይሳቅበታል፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚያም እናንተ ፍረዱ። ወገናችን ሁለት ነበር። ከበሽሎ ወንዝ በኩል የማሽላ ቂጣ በስልቻ ይዘው የሚወጡት ቆለኞች፣ ከላይ በሶና የገብስ ቆሎ ይዘን የምንወርደው ደገኞች። ለምን እንደምንጣላ የሚያውቅ አልነበረም። ብናውቅማ ኖሮ እንታረቅ ነበር።

በዚያ ዓመት አንድ ክፉ ልማድ ገባ። ዓርብ ገበያው ሲደራ ተማሪው ከክፍል ወጥቶ እማማ እታገኘሁ ቤት ይሰበሰባል። እማማ እታገኘሁ አረቄ ያወጣሉ። የአረቄያቸው ሽታ ብቻውን በራሪ ዝንብ ከአየር ላይ ይጥላል። ዓርብ ጾም ስለሆነ እህል እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቀመስም፤ አረቄው ባዶ ሆድ ያገኝና እንደ ፈለገ ይፈነጭበታል። ከዚያ ወዲያ የወንድ ልጅ ክብር በመለኪያ ብዛት ሆነ። ማን ስንት ጣለ? ማን ቀጥ ብሎ ወጣ?

በደገኞች ወገን አንደኛው ጠጪ እኔ አያሌው ነበርሁ። ‹‹ስምንት መለኪያ ጨርሶ ክር ላይ ይሄዳል›› ተብሎ ዝናዬ ወገዳ ድረስ ደርሷል። በቆለኞች ወገን ደግሞ ደርበው ነበረ። አንገቱ እንደ በሬ የወፈረ፣ ሲስቅ የማይሰማ ልጅ። እሱን ዘጠኝ ይላሉ።

አሁን ምስጢሬን ላውጣ። እኔ አረቄ አልጠጣም ነበር። የመጀመሪያውን ጉንጭ የቀመስሁት በመስቀል ማግስት ነው፤ ምላሴ ተቃጥሎ የወደቀ መስሎኝ በእጄ ፈለግሁት። ከዚያ በኋላ ዘዴ አበጀሁ። መለኪያውን አነሣለሁ፣ ፊቴን አጨማድዳለሁ፣ አፌን በጋቢዬ ጫፍ የምጠርግ መስዬ አረቄውን ለጋቢው አጠጣዋለሁ። ጥጥ ደግ ነው፤ ጠጥቶ አይለፈልፍም። ይህን ለማንም አልተናገርሁም። ‹‹አያሌው አረቄ ፈራ›› ከሚባል መቃብሬን ራሴ ብቆፍር ይሻለኝ ነበር።

በጥቅምት መጀመሪያ አንድ ዓርብ ደርበው እማማ እታገኘሁ በር ላይ ቆሞ፣ ‹‹ደገኛ የሚጠጣው ለብርድ ነው። ለወንድነት የሚጠጣው ቆላ ነው›› አለ።

‹‹እናንተንማ ወባው አስቀድሞ ስላንቀጠቀጣችሁ መለኪያ መያዝ አትችሉም›› አልሁት።

ሳቁ ሳያልቅ ዱላው ተነሣ። ከሁሉ አስቀድሞ የተነሣው የእኔ ነው። ደርበው ጎንበስ አለ። ዱላዬ እሱን አልፎ በኋላው በኩል ያልፍ የነበረ አንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ ቅንድቡን አገኘው። ልጁ ለእናቱ ጨው ገዝቶ መሄዱ ነበር። ደሙ ጨዉ ላይ ተንጠባጠበ። ልጁ አላለቀሰም፤ ጨዉን እንዳይበላሽ በመዳፉ ሸፈነው።

እዚህ ላይ ምንም አልጨመርሁም። አንድ ጣት ዝቅ ቢል ዓይኑ ነበር።

ሰኞ ዳይሬክተሩ እኔንና ደርበውን ጠሩን። ከሌላ አገር የመጡ ወጣት ነበሩ፤ ሲቆጡ መነጽራቸው ፈርቶ ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ይሸሻል።

‹‹የሁለቱ ወገን አለቆች እናንተ ናችሁ›› አሉ። ‹‹ከእንግዲህ አንድ ዱላ ከተነሣ፣ ማንም ያንሣው ማን፣ ሁለታችሁም ከዚህ ትምህርት ቤት ትሰናበታላችሁ።››

የአባቴን ዛቻ አውቀዋለሁ፤ ‹‹ዳማው በሬ ጥንድ አጥቶ ቆሟል። የተባረርህ ቀን አንተን አጠምድበታለሁ›› ብሎኛል። አባቴ ቀልድ አያውቅም፤ ቀልዱን ሁሉ ለእኔ ነው ያወረሰኝ። ማታ ማታ ቀንበሩ አንገቴ ላይ ይታየኝ ጀመር።

ያን ጊዜ ባሻ ቢተው ከበሩ ጥግ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ባሻ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ናቸው። ከዚያ በፊት ለብዙ ዘመን የወረዳው ችሎት ዘበኛ ነበሩ። ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ ወደ ዳኛ ሲሄዱ አንዱ እንዳያመልጥ የነጠላቸው ጫፍ ለጫፍ ይቋጠር ነበር፤ ያ ቁራኛ ይባላል። ባሻ ስንቱን ባላንጣ እንዲህ አቆራኝተው ነድተዋል። ‹‹ሲነሡ የሚተራረዱ ናቸው፤ ገደል አፋፍ ሲደርሱ ግን ‘ቀስ በል ወንድሜ’ ይባባላሉ›› እያሉ ያጫውቱን ነበር።

‹‹ጌታዬ፣ አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ድሆች ምን ያደርጋሉ?›› አሉ ዳይሬክተሩን።

‹‹ይቀናጃሉ።››

‹‹እንግዲያስ እነዚህን ወይፈኖች ለእኔ ይስጡኝ።››

እኛን አስወጥተው ተነጋገሩ። በሩ ሲከፈት የሰማሁት የባሻን የመጨረሻ ቃል ብቻ ነው፦ ‹‹እነሱ መቅረቱን ማን ነገራቸው?›› ምን እንደ ቀረ አልገባኝም። ምሳችን መሰለኝ። የቁራኛው ሕግ መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ባሻ የጋቢዬን ግራ ጫፍና የደርበውን ጋቢ ቀኝ ጫፍ ያዙ። ከመቋጠራቸው በፊት ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። መጀመሪያ የእኔን አሸተቱ፣ ቀጥሎ የደርበውን፣ እንደገና የእኔን። ቅንድባቸው ባርኔጣቸው ውስጥ ገባ። የጥጡን ጥራት የሚመረምሩ መስሎኝ፣ ‹‹እናቴ የፈተለችው ነው፣ ባሻ›› አልኋቸው።

‹‹ይታያል። ብዙ የሚችል ጥጥ ነው›› አሉ።

ከዚያ ቋጠሩት፤ የጧፍ ሰም አንጠባጠቡበት፤ ከኪሳቸው አንበሳ የተቀረጸበት ክብ ብረት አውጥተው ሰሙ ላይ ተጫኑት። ‹‹በየጧቱ አትማለሁ፤ በየዘጠኝ ሰዓቱ እፈታለሁ። ማኅተሙ ተሰብሮ የተገኘ እንደሆነ ነገሩ ከእኔ እጅ ይወጣል።›› ይኸው ነው ያሉት። የቀረውን እኔና ደርበው ራሳችን ጨመርንበት። አንበሳ ያለበት ማኅተም የማን ይሆናል? የጃንሆይ ነው እንጂ! ሰሙ ሲሰነጠቅ አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ውስጥ ደወል እንደሚደወል፣ ጃንሆይም ጽዋቸውን አስቀምጠው ‹‹ደግሞ ታች ጋይንት ምን ሆነ?›› እንደሚሉ አልተጠራጠርሁም።

የመጀመሪያው ቀን ሲኦል ነበር። የክፍላችን በር ጠባብ ነው፤ እኔ ልቅደም፣ እኔ ልቅደም ስንል መሐል ላይ ተወትፈን ቀረን። ክፍሉ ሁሉ ሳቀብን። በሦስተኛው ቀን በጎናችን ዞረን፣ ግራ እግር አስቀድመን፣ እንደ አንድ ሰው መግባት ተማርን። አንዳችን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንጠራ ሁለታችንም እንነሣለን። ደርበው ሒሳብ ያውቃል፤ እኔ አማርኛ አውቃለሁ፤ አንዱ ሲጽፍ ሌላው እንደ ሙሽራ ሚዜ ይቆማል። ጫካ መውጣት ሲያስፈልግማ በመጀመሪያ ምክር እንቀመጣለን።

‹‹አሁን ነው?››

‹‹ትንሽ ታገሥ፤ እኔም ሊመጣኝ ነው።››

‹‹ቆለኛ ሁሉ ነገሩ ዝግ ያለ ነው።››

‹‹ደገኛ ደግሞ ብርዱ ፊኛውን አጥብቦታል።››

በሁለተኛው ሳምንት የማሽላ ቂጣውን እኔ እበላለሁ፣ በሶዬን እሱ ይበጠብጣል። እናቱ ቂጣው ላይ አብሽ ትነሰንሳለች፤ እግዚአብሔር ቆላን የፈጠረው ለዚያ ቂጣ ብሎ ነው። አንድ ቀን በአጥሩ ጥግ ስንቀመጥ ያ የአራተኛ ክፍል ልጅ አለፈ። ቅንድቡ ላይ የደረቀ ቁስል አለ። ዓይኔን መሬት ላይ ጣልሁ። ደርበው አየኝና፣ ‹‹ያን ዱላ ለእኔ ነበር የላክኸው›› አለ።

‹‹ላንተ ነበር።››

‹‹ጎንበስ ባልል እኮ እሱ ባልተመታ›› አለ።

ሦስት ዓርብ ሙሉ ባሻ ገበያው እስኪበተን አጠገባቸው አስቀመጡን። ይህ ሲሆን ጭፍሮቻችን ያጉረመርማሉ። ደገኞቹ፣ ‹‹አያሌው እኮ አገባ›› ይሉኛል። ቆለኞቹ ለደርበው ሙሽራዬ እያሉ ይዘፍኑለታል። በአራተኛው ዓርብ ግን ባሻ አዲስ ሰም አንጠባጥበው አተሙና፣ ‹‹ዛሬ ሂዱ። ገበያው ሲበተን እንዲሁ እንደ ታተማችሁ ኑ›› አሉን። ሽማግሌው ሞኝ ሆኑ አልሁ በልቤ።

ከበሩ እንደ ወጣን ተከበብን። እኔ ስተርከው ከየወገኑ አራት መቶ ነበሩ፤ እውነቱን ለተናገረ ሃያ ሃያ ቢሆኑ ነው። ነገሩ ተቆርጧል፦ ሁለታችንም እንደ ተቆራኘን እማማ እታገኘሁ ቤት ገብተን እንጠጣለን። አስቀድሞ የወደቀ ወገኑ እስከ ገና ዱላ ይዞ በሌላው ፊት አያልፍም። ዱላ አለመያዝ! ሱሪ አለመታጠቅ ይሻላል።

መደቡ ላይ ተቀመጥን። እማማ እታገኘሁ ቋጠሮውን አይተው አማተቡና፣ ‹‹እናንተ ልጆች፣ ማን ነው የዳራችሁ?›› አሉ።

አንደኛው መለኪያ መጣ። አነሣሁት፣ ፊቴን አጨማደድሁ፣ እጄን ወደ ጋቢዬ ግራ ጫፍ ሰደድሁ፤ ጫፉ የለም። ቋጠሮው ነው ያለው። በጉልበታችን መሐል ነበርና ሰው አያየውም፤ መለኪያዬን ወደዚያው አዘነበልሁ። አንድ ሌላ መለኪያ ከዚያ በኩል መጥቶ ከእኔው ጋር ቅጭ አለ።

ቀና ብዬ አየሁ። ደርበው ቀና ብሎ አየኝ።

‹‹አንተም?›› አለኝ በከንፈሩ ብቻ።

‹‹አንተም?››

‹‹ከመስቀል ጀምሮ።››

ሳቄን ለማፈን ያደረግሁት ትግል ጎድኔን እስከ ዛሬ ያመኛል። ይህን ያህል የተፈራራን ሁለት ጀግኖች ጋቢያችንን ነበር የምናሰክረው! ሁለተኛው መጣ፤ ቋጠሮው ጠጣ። ሦስተኛው፣ አራተኛው። ጭፍሮቻችን ግን ከእኛ ጋር መለኪያ ለመለኪያ እውነተኛውን ይጠጣሉ። ስድስተኛው ላይ ስንደርስ እኔና ደርበው እንደ ዲያቆን ነቅተናል፣ ቤቱ ሰክሯል።

‹‹ያያሌው ሰባተኛው ነው!›› አለ አንድ ደገኛ።

‹‹ስድስተኛው ነው፣ ቀጣፊ!››

‹‹ማንን ነው ቀጣፊ?››

በአንድ ጊዜ ሁሉም ደጅ ወጣ፤ እኛንም እየገፉ አወጡን። ሃያ ዱላ በዚህ፣ ሃያ ዱላ በዚያ፣ እኛ መሐል። ‹‹ተዉ!›› ብል ማን ሊሰማኝ! ከሰካራሙ ትከሻ በላይ ያን የአራተኛ ክፍል ልጅ አየሁት። ዶሮ አቅፎ፣ መንገድ አጥቶ፣ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። የዳነችውን ቅንድቡን በአንድ እጁ ሸፍኗታል።

‹‹በሕግ አምላክ!›› ብዬ ጮኽሁ።

በእኛ አገር ይህ ቃል ከተጠራ የተነሣ ዱላ አየር ላይ ይቀራል። ሰካራም እንኳ ይሰማዋል። ሁሉም ቆመ፤ የገበያው አህያ ሳይቀር ቆመ። ግን ሕግ የጠራ ሰው ነገሩን መናገር አለበት። በከንቱ የጠራ ለዘላለም መሳቂያ ነው። አርባ ሰው እኔን ያያል። የምለው የለኝም። አለኝ፤ ግን ብናገረው ስሜ ያልቃል።

‹‹ሕግ ጠርተህ ዝም ትላለህ? ተናገር እንጂ!›› አለኝ ከእኛው ወገን ትልቁ።

ልጁን አየሁት። ቅንድቡን አሁንም አልለቀቀም።

‹‹ሰባትም ስድስትም አይደለም›› አልሁ። ድምፄ የእናቴን መሰለ። ‹‹በቤተ ልሔም አምላክ፣ አንድም አልጠጣሁ። ዛሬም፣ ያን ጊዜም። አረቄ እፈራለሁ።››

የቆለኞች ወገን ‹‹እልልል!›› አለ። አሸንፈዋል። ደርበው አንድ ነገር ባይናገር እስከ ገና ንጉሥ ነው፤ ምስጢሩን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፣ እኔን ደግሞ ከእንግዲህ ማን ያምነኛል? አላየሁትም። ማየት ፈራሁ። ግራ ትከሻዬ ሲጎተት ብቻ ተሰማኝ።

ደርበው ቋጠሮውን ወደ ላይ አንሥቶ፣ በሁለት እጁ ይዞ፣ እንደ ታጠበ ልብስ ጨመቀው። የጃንሆይ ማኅተም ቀጭ ብሎ ተሰበረ። አሥራ ሁለት መለኪያ አረቄ በሁሉም ፊት መሬት ላይ ተንዠቀዠቀ።

‹‹ግማሹ የእኔ ነው›› አለ።

አስቀድመው የሳቁት እማማ እታገኘሁ ናቸው። ‹‹አረቄዬን ለጥጥ! ኧረ ጋቢዎቹን ደግፏቸው፣ እንዳይወድቁ!›› አንድ ጢማም ቆለኛ አንገቱን ደፍቶ፣ ‹‹እኔም ከመደቡ ሥር ነበር የማፈሰው›› ሲል ደግሞ፣ ‹‹ለዚህ ነዋ ዶሮዬ ጎጆዋ የሚጠፋባት!›› ብለው ጮኹ። ከዚያ ሳቁ ወረርሽኝ ሆነ። ለማን ብለው ይደባደቡ? ጋቢው ለሚጠጣለት አለቃ ደሙን የሚያፈስ ማን ነው? ዱላው አንድ በአንድ ወረደ።

እኔና ደርበው ግን አልሳቅንም። ማኅተሙ ተሰብሯል። ሄደን ባሻ ፊት ቆምን።

‹‹ማን ሰበረው?›› አሉ።

‹‹እኔ›› አለ ደርበው።

‹‹እኔ ነኝ›› አልሁ እኔም። ‹‹እኔ ባልናገር እሱ ባልጨመቀው።››

ባሻ ቋጠሮውን አሸተቱ። ‹‹ተሰበረ አትበሉ። ሰክሮ ወደቀ በሉ›› አሉ። ፈቱት። ከዚያ ከኪሳቸው ያን አንበሳ ያለበትን ክብ ብረት አወጡ፣ ከባርኔጣቸው መርፌና ክር መዘዙ፣ ካፖርታቸው ደረት ላይ ቁልፍ በጎደለበት ቦታ ይሰፉት ጀመር።

ደርበው አፉን ከፍቶ ቀረ። ‹‹ባሻ! የጃንሆይ ማኅተም...››

‹‹አንድ ወር ሙሉ ደረቴን ብርድ ሲመታው የት ነበርህ?›› አሉና ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት።

በዚያው ቀን፣ ፀሐይ ሳትገባ፣ እንዶድ ወቅጠው ሰጡንና ወንዝ ወረድን። ጋቢዎቹን አራት ጊዜ አጠብናቸው። እንዶዱ አረፋ ሲሆን የአረቄው ሽታ አብሮት ይነሣና አፍንጫችንን ይቆነጥጠዋል። በአንድ ቁጥቋጦ ላይ አሰጣናቸው። ቅዳሜ ጧት ከፍ ካለው ጫፍ ያለውን አንሥቼ ለብሼ አገሬ ገባሁ። እናቴ ትከሻዬን ይዛ አዞረችኝ።

‹‹ይህ የእኔ እጅ ፈትል አይደለም። የማንን ነው የለበስኸው?››

‹‹የደርበውን።››

‹‹ደርበው ማን ነው?››

‹‹በግራ በኩል ያለው›› አልኋት።

የሁለቱ ወገን ዱላ በየጧቱ በር ላይ ከባሻ ዘንድ ይቀመጥ ጀመር። ኅዳር ሚካኤል ሲደርስ ብዙዎቹ የራሳቸውን መለየት አቅቷቸው ትተውት ሄዱ፤ ባሻም በእሱ የዘበኛ ጎጆ ሠሩ። እኔ ነኝ የምለው፦ በታች ጋይንት ምድር ከዚያ ጎጆ የጠነከረ ግድግዳ አልነበረም።

ሰኞ ጧት ደርበው የእኔን ጋቢ ለብሶ በሩ ላይ ጠበቀኝ።

‹‹ጋቢዬን›› አለኝ።

‹‹ጋቢዬን›› አልሁት።

ሁለታችንም አላወለቅንም። ባሻ ፊት ሄደን ቆምን፤ እሱ ቀኝ ጫፉን፣ እኔ ግራ ጫፌን ይዘን።

‹‹ምን ፈለጋችሁ?›› አሉ ባሻ፣ አንበሳ ያለበትን ቁልፋቸውን እየነካኩ። ‹‹ተፈታችሁ እኮ። ሂዱ ግቡ።››

ሄድን። ጠባቡ በር ላይ ስንደርስ ማንም ሳይቋጥረን፣ ማንም ሳያዘን፣ በጎናችን ዞረን፣ ግራ እግር አስቀድመን፣ እንደ አንድ ሰው ገባን።